ሚሲዮናውያኑ ሲሄዱ ምን ቀረ? የወላይታ ጉዳይ

በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት አካባቢ ያደገ ሰው ሁለት ቁጥሮችን ሳይሰማ አይቀርም። 48 እና 10,000። ሚሲዮናውያን በጣሊያን ዘመን ከወላይታ ሲባረሩ 48 የተጠመቁ ምእመናን ነበሩ። ሲመለሱ 10,000 ገደማ ሆነው አገኟቸው። እኔ ይህን የሰማሁት ልጅ ሆኜ፣ ከመድረክ ነው። ሰባኪው "አርባ ስምንት!" ይልና ዝም ይላል። ሕዝቡ ይጠብቃል። ከዚያ "አስር ሺህ!" ሲል ቤቱ በእልልታ ይናጋል።

እልልታው ይገባል። ግን ታሪኩ እንዲህ ሲነገር በሁለቱ ቁጥሮች መሃል ያለው ሁሉ ይዘለላል። አንዳንዱ ደግሞ "ፈረንጅ ሲሄድ ቤተ ክርስቲያን ታድጋለች" የሚል ሒሳብ ያወጣበታል። እንደዚያማ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር። ትኬት ቆርጦ መሸኘት ነው።

ይህን የምጽፈው ከውጭ መጥቶ ከአገር ቤት ቤተ ክርስቲያን ጎን ቆሞ ማገልገል ለሚፈልግ ሰው ነው። ውጭ ያደጉ የራሳችን ልጆችም እዚህ ውስጥ አሉበት። እንግዳውን የሚቀበለው የአጥቢያ ሽማግሌም ቢያነበው አልጠላም።

ከሚሲዮናውያኑ በፊት

ወላይታ ባዶ ሜዳ አልነበረም። በ1887 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ጦር ካዎ ጦናን ማርኮ አገሩን ያዘ። ቀጥሎ ገባርነት መጣ። ገበሬው ለተሾመበት መልከኛ ይገብራል፣ ያርሳል፣ እንጨት ይፈልጣል። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም ለብዙው ገበሬ የደረሰችው ከዚሁ አስተዳደር ጋር አንድ ላይ ነው። ይህን ያነሳሁት ቤተ ክርስቲያኒቱን ለመክሰስ አይደለም። ሰው እምነትን ከሚያመጣለት እጅ ጋር አብሮ ያያል። ይህ ለሚሲዮናውያኑም ይሠራል፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ሚሲዮናውያኑ ከመድረሳቸው ጥቂት ዓመታት በፊት ደግሞ ኢሳ ላሌ የሚባል የጋሞ ሰው ተነሳ። ከመንደር መንደር እየዞረ "ጦሳን ብቻ ለምኑ" ይል ነበር። ጦሳ በወላይትኛም በጋምኛም ፈጣሪ ነው። ጠንቋዩን ተዉ፣ ክታቡን ጣሉ አላቸው። ቃሉን የተቀበለ ቤተሰብ ጣቱን ማር ውስጥ እየነከረ ወደ ሰማይ ይረጭና ይጸልይ ነበር ይባላል። ያ ሁሉ ሕዝብ አንድ ሰው ሲከተል ሹማምንቱን አላማራቸውም። ኢሳ ታሰረ።

እስቲ አባወራውን አስቡት። ደጃፉ ላይ ቆሟል። ልጆቹ ከኋላው ናቸው። የማር ጠብታ ወደ ላይ ይረጫል፣ ግማሹ ተመልሶ ግንባሩ ላይ ያርፋል። እስከዚያች ቀን አንድ ፈረንጅ አላየም። መጽሐፍም በእጁ ይዞ አያውቅም። በኋላ ሚሲዮናዊው መጥቶ በተሰባበረ ወላይትኛ "ጦሳ አንድ ነው" ሲለው "እሱንማ ሰምተናል፤ ቀጥል" የሚል ሰው ነበር የጠበቀው።

ጅማ ሊሄዱ ወጥተው ሶዶ ቀሩ

በ1920 ዓ.ም. አንድ የኤስ አይ ኤም ቡድን ከአዲስ አበባ በበቅሎ ተነሳ። ኤስ አይ ኤም ያኔ "ሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን" ነበር። ያሰቡት ጅማ ነው። አልደረሱም። ጉዟቸው በሆሳዕና፣ በወላይታና በሲዳማ በኩል ሆነ፣ የየአካባቢው ገዢዎችም እንዲቀመጡ ፈቀዱላቸው። እነሱም እዚያው ቀሩ። ከካርታቸው ውጭ ያለ ቦታ ላይ ሰፈሩ ማለት ነው። ዛሬ ይህን ለስፖንሰር ሪፖርት ጻፍ ቢባል ብዙ ማብራሪያ ያስፈልገው ነበር።

መሪያቸው አሜሪካዊው ሐኪም ቶማስ ላምቢ ነው። ቀደም ብሎ ወለጋ ውስጥ፣ ደምቢ ዶሎ አካባቢ ሠርቷል። አዲስ አበባ ላይ ሆስፒታል አሠርቷል። ራስ ተፈሪ ያውቁታል። በኋላ ኢትዮጵያዊ ዜግነት እስከ መውሰድ ደረሰ።

ወላይታ ላይ የሰፈሩት ሶዶ አጠገብ፣ ኦቶና ላይ ነው። ክሊኒክ ከፈቱ። ዛሬም ሶዶ ሄዶ "ኦቶና" ያለ ሰው ወደ ሆስፒታሉ ይጠቆማል። ቋንቋውን ተማሩ። ለፈጣሪ አዲስ ስም አላመጡም፣ ሕዝቡ የሚጠራውን ጦሳን ተጠቀሙ። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ግን ከኢሳ ጋር የጀመረው ወሬ ሳይቋረጥ የቀጠለው በዚህች ቃል ነው።

ጥምቀት ላይ አልተቻኮሉም። የመጀመሪያዎቹ 10 ሰዎች የተጠመቁት በ1926 ዓ.ም. ነው፤ ሚሲዮናውያኑ ከደረሱ ከአምስት ዓመት በላይ ቆይተው። በዘጠኝ ዓመት ተሠርቶ ተሠርቶ 48 ላይ ደረሰ። ቁጥር ለሚወድ ድርጅት ይህ ያሳፍራል።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን። ሚሲዮናውያኑ ለአማኞቹ ደመወዝ አልከፈሉም። ጸሎት ቤት አልሠሩላቸውም። ምእመኑ የራሱን እንጨት ቆርጦ፣ የራሱን ሣር አጭዶ ሠራ። አጥቢያውን የሚመሩት ከመካከላቸው የተመረጡ ሽማግሌዎች ሆኑ። ማን ይጠመቅ፣ ማን ይቆይ የሚለውን ስለ ሰውየው ቤትና ስለ ጎረቤቱ የሚያውቁት እነሱ ነበሩ። ሚሲዮናዊውማ ቋንቋውን ቢያውቅ ማታ ማታ የማን ደጅ ላይ ምን እንደሚደረግ ከየት ያውቃል?

ይህ ሁሉ የመርሕ ጉዳይ ነበር፤ ሚሲዮኑ ቤተ ክርስቲያን ራሷን ትቻል የሚል አቋም ነበረው። እኔ ግን አንድ ነገር እጨምራለሁ። ዘመኑ ዓለም በኢኮኖሚ ድቀት የተመታበት ዘመን ነው። ኤስ አይ ኤም ደግሞ ቋሚ ገቢ የሌለው፣ ሰው በፈቃዱ በሚሰጠው የሚኖር ሚሲዮን ነበር። ቢፈልጉስ ከየት አምጥተው ይከፍላሉ? ስለዚህ ግማሹ ትሕትና ከባዶ ኪስ የመጣ ይመስለኛል። ይህን ስል ላሳንሳቸው አይደለም። ዛሬ ኪሱ ሞልቶ ለሚመጣው እንግዳ ነገሩ ከእነሱ ይልቅ እንደሚከብድ ለመናገር ነው። እነሱን ድህነት ጠብቋቸዋል። የዛሬውን ሰው ራሱ ካልጠበቀ ማንም አይጠብቀው።

ንጹሐን ነበሩ ደግሞ አልልም። የአገሩን ባህል በጅምላ የጨለማ ሥራ አድርገው ያዩበት ጊዜ ነበር። መጠጥና ትምባሆ መተው የድነት ምልክት እስኪመስል ድረስ ጠበቀ። ለኦርቶዶክሱ ጎረቤትም ብዙ ክብር አልነበራቸውም፣ ጎረቤቱም ለእነሱ አልነበረውም። ይህ ያቆየው ቁርሾ አሁንም በአንዳንድ የቀብር ቦታ ይታያል።

ካሚዮኑ

በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ። በዚያው ዓመት ሁለት የኤስ አይ ኤም ሚሲዮናውያን ወደ ዋና ከተማው ሲጓዙ መንገድ ላይ ተገደሉ። ጣሊያን የፕሮቴስታንት ሚሲዮን አይፈልግም ነበር። ሚያዝያ 1929 ዓ.ም. የመጨረሻዎቹ ሚሲዮናውያን ከነልጆቻቸው በካሚዮን ተጭነው ከሶዶ ወጡ።

ላምቢን እዚህ ላይ ማንሳት አለብኝ። በጦርነቱ ጊዜ ለኢትዮጵያ ቀይ መስቀል የሠራ፣ ዜግነቷንም የያዘ ሰው ነበር። ጣሊያን አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ ግን ሥራው እንዳይዘጋበት ከአዲሱ ገዢ ጋር ሊስማማ ሞከረ። ጥቅሙ ለሚሲዮኑ ነው ብሎ አስቦ ይሆናል። ሥራው ከመዘጋት አልዳነም። ንጉሠ ነገሥቱም አልረሱለትም፤ ከነጻነት በኋላ ኢትዮጵያ ተመልሶ አላገለገለም። እንግዳ ሰው ከባለሥልጣን ጋር ተስማምቶ ሥራውን ላድን ሲል ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ ነው፦ ገዢው ያልፋል፣ ጎረቤት ግን የት እንደቆምክ ያስታውሳል።

እና ካሚዮኑ ሄደ። ምን ቀረ? 48 የተጠመቁ ሰዎች። በወላይትኛ የተዘጋጀ የማርቆስ ወንጌልና ጥቂት የተመረጡ ጥቅሶች። ማንበብ የሚችል ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። ሌላው ሁሉ ከመጀመሪያውም የራሳቸው ነበር። ሣሩ የነሱ፣ እንጨቱ የነሱ፣ ሽማግሌው የነሱ። የሚቋረጥ ደመወዝ የለም። ርክክብ የሚባል ነገር አላስፈለገም።

ቀጥሎ የመጣው መከራ ነው። ጸሎት ቤቶች እንዲፈርሱ ታዘዘ። መሪዎቹ ታሰሩ። ከነሱ ዋንዳሮ ብዙ ይነሳል፤ ታስሯል፣ ሰው ፊት ተገርፏል፣ አልተወም። በዚያ ዘመን እስረኛን የሚቀልበው ቤተሰቡ ነው። ቤተሰብ የሌለው ይራባል። የአማኞቹ ወገኖች ስንቅ ይዘው በየቀኑ ይመላለሳሉ፤ የሚያመጡት ምግብ ከራሳቸው እስረኛ አልፎ ለሌላው ይተርፍ ነበር። እስረኛው ከተፈታ በኋላ አገሩ ገብቶ የሚያወራው ይህን ነው። "እነዚያ ሰዎች እኔን እንኳ፣ የማያውቁኝን፣ አበሉኝ።" ስለ ወላይታ እድገት ብዙ ምክንያት ይደረደራል። ቆጮ በቅጠል ጠቅልለው እስር ቤት በር ላይ የቆሙት እናቶች ግን በምንም ዘገባ ላይ አይቆጠሩም።

ሌሎቹን ምክንያቶችም መዝለል አይገባም። ጣሊያን ለራሱ ጥቅም ሲል ገባርነትን ሽሯል፤ ገበሬው እንደ ልቡ መንቀሳቀስ ጀመረ። የድሮው ሥርዓት ተናግቷል። ሰው አዲስ ነገር ለመስማት ጆሮው ተከፍቷል። ገበያ ለገበያ የሚዞረው ወሬ ደግሞ ከማንም ሰባኪ ይፈጥናል። ከሁሉ በፊት ኢሳ አልፎ ነበር። ስለዚህ "ፈረንጆቹ ሄዱ፣ ቤተ ክርስቲያን አደገች" የሚለው አባባል አያስኬድም። እነሱ ሲሄዱ የሚጎድል ነገር እንዳይኖር ተደርጎ ተሠርቶ ስለነበር መሄዳቸው አልገደላትም። እኔ የምለው ይህን ብቻ ነው።

መመለስ ከመሄድ ይከብዳል

ነጻነት ተመለሰ። ወሬው መጣ። ሚሲዮናውያኑም ቀስ በቀስ ተመለሱ። ወደ 100 የሚጠጉ አጥቢያዎች፣ 10,000 ገደማ ሰው። የሚያጠምቁት ሽማግሌዎቹ ናቸው። የሚያጋቡትም፣ የሚቀጡትም እነሱ። እንግዲህ ተመላሹ ሚሲዮናዊ የት ይቀመጥ?

ይህ ጥያቄ ከ1929ኙ ይከብዳል ባይ ነኝ። ሲባረሩ ምርጫ አልነበራቸውም። አሁን ግን ምርጫ አለ። ያሳደግከውን ልጅ አግብቶ፣ ቤት ሠርቶ ብታገኘው ሳሎኑ ውስጥ የቱ ወንበር ላይ እንደምትቀመጥ ትጠይቃለህ እንጂ አልጋ ቤቱን አትከፍትም። ብዙዎቹ ወንበራቸውን አወቁ፦ ማስተማር፣ መጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት፣ ሕክምና። አንዳንዱ ግን የቤቱ ጌታ እኔ ነኝ ማለቱን ለመተው ጊዜ ወስዶበታል። ሰው ነው።

በዚህ መሃል መንግሥትም የራሱን ደንብ አወጣ። በነሐሴ 1936 ዓ.ም. የወጣው የሚሲዮን ደንብ አገሩን ለሁለት ከፈለው፤ "ክፍት" የተባለና "የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን" አካባቢ የተባለ። የማስተማሪያ ቋንቋም አማርኛ እንዲሆን ተደነገገ። ትናንት ወላይትኛ የተማረው ሚሲዮናዊ አሁን በአማርኛ ሊያስተምር ነው። ወላይታውም እንዲሁ። እዚህ ላይ ትርፍም ኪሳራም አለ። በአማርኛ ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ ነበር፤ ማንበብ የተማረ ሁሉ ሙሉውን አገኘ። የእናት ቋንቋው መጽሐፍ ግን ወደ ኋላ ቀረ።

እንግዳው ራሱ ወላይታ ሲሆን

ስለዚህ ጉዳይ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ፈረንጅና አበሻን ነው የሚያየው። ወላይታዎቹ ግን አልጠበቁም። ገና ከጣሊያን ዘመን ጀምሮ፣ በኋላም በአሥርተ ዓመታት ውስጥ፣ ወንጌላውያናቸው ወደ ጋሞ፣ ጎፋ፣ ዳውሮ፣ ማሌ፣ አሪ ወጡ። ሚስትና ልጅ ይዘው። የላካቸው የአገራቸው ምእመን ነው፤ ካለው ላይ ቀንሶ።

እዚያ ሲደርሱ የማያውቁት ቋንቋ፣ የማያውቁት ወባ፣ የማያምናቸው ባላባት ጠበቃቸው። የታሰሩ አሉ፣ የተደበደቡ አሉ፣ ልጅ የቀበሩ አሉ። ከሚሲዮናዊው የሚለያቸው ነገር አለ። የሚያርሱት መሬት የጎረቤቱን ያህል ነው። የሚኖሩበት ጎጆ የጎረቤቱን ይመስላል። ሲራቡ አብረው ይራባሉ። ታማሚ ልጃቸውን የሚወስድ አውሮፕላን የላቸውም።

ቢሆንም የአገር ልጅ መሆን ከስህተት አያድንም። ወላይታ ላይ "እንዲህ ነው የሚዘመረው፣ እንዲህ ነው የሚጸለየው" የተባለውን ይዞ ሄዶ አሪ ላይ ሕግ ያደረገ ወንጌላዊ አልጠፋም። ከሚሲዮናዊው የወረሰውን እገዳ ከራሱ ከሚሲዮናዊው ብሶ አጥብቆ ያስተማረም አለ። የራስን ባህል ከወንጌል መለየት ለማንም ከባድ ነው፤ ለጥቁሩም ለነጩም።

ሒሳብ ደብተሩ

አሁን ወደ ቅርቡ ልምጣ። የማውቀው አንድ አጥቢያ አለ። ስሙን አልጠራም፤ ወላይታም አይደለም። ገጠር ነው፣ ቡና አለው፣ በቆሎ አለው። ምእመኑ ወንጌላዊውን በእህልና በትንሽ ብር ይደግፍ ነበር። ብዙ አይደለም። ሰውየውም እያረሰ ያገለግላል።

አንድ የውጭ ወዳጅ መጣ። ደግ ሰው ነው፣ ልቡ ሩኅሩኅ። የወንጌላዊውን ጫማ አይቶ አለቀሰ። አገሩ ሲመለስ ወር በወር በባንክ ደመወዝ ይልክለት ጀመር፣ በቀጥታ ለሱ። ሽማግሌዎቹን አልጠየቀም። ጥሩ ነገር ለማድረግ ፈቃድ መጠየቅ የማያስፈልግ መስሎት ይሆናል።

ሦስት ዓመት ሆነ። በዓሉም ሥራውም ጥሩ ነበር። ግን አንድ ቀን ከሽማግሌዎቹ አንዱ በቀልድ መሳይ "ወንጌላዊያችን እኮ ተቀጠረብን" አሉኝ። ሳቅን። ከዚያ አንድ ደብዳቤ መጣ። ወዳጃችን የሚያገለግልበት አጥቢያ እቅዱን ቀይሯል፣ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ገንዘቡ ይቆማል። ወንጌላዊው ሁለት ወር ጠበቀ። ከዚያ ከተማ ሄዶ ባጃጅ መንዳት ጀመረ። አልፈርድበትም፤ አራት ልጆች አሉት።

ሽማግሌዎቹ ሲሰበሰቡ እኔም ነበርኩ። ሒሳብ ያዡ ባለ መስመር ደብተሩን ከፕላስቲክ ከረጢት አወጣ። እየገለበጠ አሳየን። መባ አለ። አስራት አለ። ለጣራ የተዋጣ አለ። "የወንጌላዊ" የሚለው አምድ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ባዶ ነው። ከዚያ በፊት ያሉትን ገጾች ሲገልጥ የበቆሎ፣ የቡና፣ የሣንቲም መዓት ነው። "ማን ይስጥ?" አለ። "እሱ ከኛ ይበልጥ ነበር እኮ የሚያገኘው።"

ወዳጃችን ስልክ ደወለልኝ። በጣም አዝኗል። ምን ማድረግ ነበረብኝ አለኝ። መጀመሪያ ደብተሩን አሳዩኝ ማለት ነበረብህ አልኩት። አልገባውም ነበር። ረጅም አወራን።

ከብዙ ስብሰባ በኋላ ከዚያው ከመንደሩ አንድ ወጣት ተመረጠ። ግማሽ ቀን ያርሳል። አምዱም ቀስ ብሎ ይሞላ ጀመር። በቆሎ ግማሽ ኩንታል። ብር 200። ቡና 3 ኪሎ።

በዓመቱ ወዳጃችን ተመልሶ መጣ። በዚህ ጊዜ ሽማግሌዎቹ ጋ ነው መጀመሪያ የሄደው። ሒሳብ ያዡ ደብተሩን አወጣለት። አማርኛ አያነብም፤ በጣቱ እየተከተለ ቁጥሮቹን አየ። ትንሽ ቆየና ከኪሱ 500 ብር አወጣ። ሒሳብ ያዡ ተቀበለው፣ ቆጠረው፣ ከቡናው ሥር ጻፈለት።